የአራት ኪሎው የአየር መለኪያዬ፦ የዘጠኝ ወር የካሊብሬሽን ማስታወሻ

ሐምሌ 14 ቀን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጣሪያ ላይ የሰቀልኩት ሴንሰር በሜትር ኩብ አየር 94 ማይክሮግራም ደቃቅ ቅንጣት (ፒኤም2.5) አነበበ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደው መንገድ በጉም ተሸፍኗል። የሚጨስ ነገር የለም፣ አቧራ የለም። እንዲህ ታጥቦ ያደረ አየር እንዴት 94 ይሆናል?

የካሊብሬሽን ደብተሬን፣ ማለትም የሴንሰሩን ቁጥር ከትክክለኛ መለኪያ ጋር እያነጻጸርኩ የማርምበትን፣ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ሴንሰሩን ገጣጥሞ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ሥራው ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

ለአዲሶች ባጭሩ ልንገራችሁ። የምጠቀመው ፕላንታወር ፒኤምኤስ5003 ነው። መጠኑ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። በውስጡ ያለችው ትንሽ ማራገቢያ አየር ትስባለች፣ አየሩም በሌዘር ጨረር ውስጥ ያልፋል። ቅንጣት ጨረሩን ስትነካ ብርሃን ይበተናል። በጎን የተቀመጠው ፎቶዳዮድ ያንን ብልጭታ ይይዛል። ልብ በሉ፣ ሴንሰሩ የሚያየው ብርሃን ብቻ ነው። በሜትር ኩብ አየር ውስጥ ይህን ያህል ማይክሮግራም አለ የሚለው ከብልጭታው ተነሥቶ በግምት ነው።

የሐምሌው 94 ምክንያትም እዚሁ ላይ ነው። እርጥበት ከ80 በመቶ ሲያልፍ የጭስና የጨው ቅንጣቶች ውኃ እየጠጡ ያብጣሉ። ያበጠ ቅንጣት ብዙ ብርሃን ይበትናል። ጉም ሲሆን ደግሞ የውኃው ጠብታ ራሱ እንደ ቅንጣት ይቆጠራል። ያን ጠዋት የእርጥበት መለኪያዬ 96 በመቶ ይል ነበር። ሴንሰሬ ውኃ እየቆጠረ ነበር ማለት ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት የሰው ቀመር መዋስ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ይህንኑ ሴንሰር ለሚጠቀሙ የፐርፕልኤር መለኪያዎች ያወጣው ማረሚያ አለ። ጥሬውን ቁጥር በ0.524 ታባዛላችሁ፣ የእርጥበቱን መቶኛ በ0.0862 አባዝታችሁ ትቀንሳላችሁ፣ ከዚያ 5.75 ትደምራላችሁ። የእኔ 94 ወደ 47 ወረደ። ግማሽ ሆነ ማለት ነው፤ ግን 47ም ውሸት ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ደንብ አወጣሁ። እርጥበት ከ95 በመቶ በላይ ከሆነ አላርምም፤ “ጉም” ብዬ ጽፌ ከአማካዩ አወጣዋለሁ። በክረምት ብዙ ጠዋቶችን አጣለሁ። ይሁን፣ ባዶ ቦታ ከተሳሳተ ቁጥር ይሻለኛል።

የተዋስኩት ቀመር የተሠራው በአሜሪካ አየር ነው። የእኛ ከሰል፣ እንጨት፣ የናፍጣ መኪና ጭስ የራሱ መጠንና ቀለም አለው፣ ብርሃን የሚበትነውም በራሱ መንገድ ነው። የራሴን ቀመር ለማግኘት ሴንሰሬን ከትክክለኛ ማመሳከሪያ ጎን ማስቀመጥ ነበረብኝ። የአሜሪካ ኤምባሲ የሚለካው የአዲስ አበባ አየር ቀድሞ በነጻ ይታይ ነበር። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያንን መረጃ ማሰራጨት አቆመ። ከቤት ሆኖ ማወዳደር እዚያ ላይ አበቃ። ደግነቱ አንድ ጓደኛዬ በሚሠራበት ግቢ ጣሪያ ላይ የቤታ ጨረር መለኪያ አለ። ይህ መሣሪያ አቧራውን በፊልተር ጥቅል ላይ ያጠራቅምና ጨረሩ ምን ያህል እንደደከመ አይቶ ክብደቱን ያሰላል። አየሩን ሲስብ አሙቆ ስለሚያደርቀው እርጥበት ብዙም አያታልለውም።

ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 12 ሁለት ሴንሰሮቼን ከእሱ ጎን አሰርኩ። መስከረም 16ን ሆን ብዬ አሳለፍኩት። የደመራ ጭስ ገና ሲጀመር ስሌቱን እንዳያጣምምብኝ ፈራሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ግራፍ ሳየው ተስፋ ቆረጥኩ። የእኔ መስመር ሲወጣ የማመሳከሪያው ይወርዳል። ሴንሰሩን ነቀልኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ችግሩ ሰዓት ነበር። ከሴንሰሩ ጋር የተገናኘችው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ኢኤስፒ32፣ የምትመዘግበው በግሪንዊች ሰዓት ነው፣ ማመሳከሪያው በአዲስ አበባ ሰዓት፣ ደብተሬ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር። ሦስት ሰዓት እዚህ፣ ስድስት ሰዓት እዚያ። ሁሉንም ወደ አንድ ሳመጣው መስመሮቹ ተደራረቡ። እባካችሁ ከሁሉ በፊት ሰዓታችሁን አስተካክሉ። ማመሳከሪያው የሰዓት አማካይ የሚያወጣው በሰዓቱ መጀመሪያ ስም ይሁን በመጨረሻው፣ ይህንንም ጠይቁ።

ሌላው የሚጠየቅ ነገር ከፍታችን ነው። እዚህ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ነን። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ማመሳከሪያው ውጤቱን የሚሰጠው በአካባቢው አየር ነው ወይስ ወደ ባሕር ወለል ሁኔታ ቀይሮ? በአካባቢው አየር 30 የሆነው፣ ወደ ባሕር ወለል ሲቀየር 39 አካባቢ ይሆናል። ይህን ሳታውቁ ብታወዳድሩ ጥፋቱን ሁሉ በሴንሰሩ ታላክካላችሁ።

የ22 ቀኑ ውጤት ይህ ነው። ሁለቱም ሴንሰሮች በደረቅ ሰዓት ከማመሳከሪያው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ያነብባሉ። እርጥብ ሌሊት ላይ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋሉ። ከዚያ በመነሣት እርጥበትን ያካተተ የራሴን ቀመር ሠራሁ።

ታዲያ ኅዳር 12 መጣ። ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጀምሮ ሰው በየሰፈሩ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ጥሬው ቁጥር 300 አለፈ። ከታች የሚኖሩት እማማ በመስኮት ጠሩኝ።

“ልጄ፣ ያ ዕቃህ ዛሬ ስንት አለ?”

“እማማ፣ ከ300 በላይ ነው። በጣም ከፍተኛ ነው።”

“እንግዲያው ልጁን ከቤት አላወጣውም። መስኮቱንም ልዝጋው።”

የልጅ ልጃቸው አስም አለበት። መስኮቱ ሲዘጋ ሰማሁት። የዓለም ጤና ድርጅት ለ24 ሰዓት የሚመክረው ጣሪያ 15 ነው። ስለዚህ መስኮት መዝጋቱ ትክክል ነበር። ግን ያን ጊዜ የገባኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሰው የእኔን ቁጥር አምኖ ውሎውን እየወሰነ ነው። በ22ቱ ቀናት ያየሁት ትልቁ የማመሳከሪያ ቁጥር 80 አይሞላም። ቀመሬ ስለ 300 የሚያውቀው ነገር የለም። ያን ቀን የታረመውን ቁጥር አላወጣሁም። ጥሬውን አውጥቼ “ከካሊብሬሽን ክልል ውጭ” ብዬ ጻፍኩበት። አሁን ፕሮግራሙ ራሱ ይህን ይጽፋል።

እኚሁ እማማ በታኅሣሥ ሌላ ጥያቄ አመጡ። በአካባቢያችን መንገድ እየተቆፈረ ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል፤ የእኔ ሴንሰር ግን 22 ይላል። “ይሄን አያይም እንዴ?” አሉኝ። አዎ፣ በደንብ አያይም። የቁፋሮ አቧራ ቅንጣቱ ትልቅ ነው፣ ይህ ሴንሰር ደግሞ በትልልቆቹ ላይ ደካማ ነው። ፒኤም10 (እስከ 10 ማይክሮሜትር የሚደርሱ ቅንጣቶች) ብሎ የሚሰጠውን ቁጥር አትመኑት። እኔ ያንን ዓምድ ከገጼ አንሥቼዋለሁ።

ስለ ጥገና ጥቂት። በየወሩ ሴንሰሮቹን ሄፓ ፊልተር (ደቃቅ ቅንጣትን የሚያስቀር ማጣሪያ) ባለው ዝግ ሳጥን ውስጥ አስገብቼ ዜሮ ያነብቡ እንደሆነ አያለሁ። በታኅሣሥ አንዱ 3 ላይ ቆመ። ከፍቼ ሳየው አየር መግቢያው ላይ ሸረሪት አድርታበታለች። ለካሜራ በሚሆን የእጅ መንፊያ ነፋሁት፣ ዜሮ ሆነ። የታመቀ አየር አትጠቀሙ፣ ማራገቢያዋን ይጎዳታል። የኤሌክትሪኩንም ነገር ተመልከቱ። ማራገቢያዋ 5 ቮልት ትፈልጋለች። የእኔ ቀጭን ረጅም ገመድ ጫፉ ላይ 4.4 ብቻ ያደርስ ነበር። አየር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፣ ቁጥሩም አብሮ ይዛባል። ወፍራም ገመድ ቀየርኩ። መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥም ፓወር ባንክ ጨመርኩ።

በጥር ለ10 ቀን ወደዚያው ጣሪያ ተመለስኩ። የጥቅምቱ ቀመር አሁን 15 በመቶ ያህል ዝቅ አድርጎ ያነብባል። ሁለቱንም አጸዳኋቸው። አንደኛው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ሁለተኛው አልተመለሰም። ሌዘር ከዕድሜ ጋር ይደክማል፤ የእኔዎቹ ደግሞ ከሰኔ ጀምሮ ቀን ከሌት ሲበሩ ቆይተዋል። አሁን በየ10 ደቂቃው ብቻ ነው የምቀሰቅሳቸው። ከተቀሰቀሱ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች እጥላለሁ፣ ማራገቢያዋ እስክትረጋ ድረስ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ሦስተኛው ሴንሰር ነው። ከሁለቱ ጋር በአንድ ቀን የተገዛ ነው። በጥቅምት ከማመሳከሪያው ጎን ለአንድ ሳምንት አዋልኩትና በታሸገ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። በወር አንድ ቀን ብቻ ወጥቶ ከሁለቱ ጎን ይሰቀላል። ሁለቱ ቀስ በቀስ ሲንሸራተቱ እሱ ነው የሚያሳብቅባቸው። የጥሩን ለውጥ ጓደኛዬ ጋ ከመሄዴ በፊት በታኅሣሥ መጨረሻ ጠቁሞኝ ነበር። የሸረሪቷ ጣጣ ነው ብዬ አለፍኩት። ማለፍ አልነበረብኝም።

አሁን ሁለት ቀመር አለኝ፣ አንድ ለጥቅምት፣ አንድ ለጥር። ለክረምት የሚሆን ገና የለኝም። ጓደኛዬ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ለአንድ ወር ጣሪያውን እንድጠቀም ተስማምቷል። እስከዚያ በገጼ ላይ ከየቁጥሩ አጠገብ በየትኛው ቀመር እንደታረመና ቀመሩ በስንት ቀን ማነጻጸር እንደተሠራ ይጻፋል። ሦስተኛውን ሴንሰር ነገ ማለዳ ከሳጥኑ አወጣዋለሁ።