በመስታወት የዘጋነውን በረንዳ ክረምት ከበጋ እንዴት እንደተቀመጥንበት

እማዬ ፀሐይ ትወዳለች። ጉልበቷን ቁርጥማት ከያዛት ወዲህ ደግሞ ፀሐይ መሞቅ ለእሷ እንደ መድኃኒት ነው። ኮተቤ ያለው ቤታችን ደጅ ግን ንፋሱ አያስቀምጥም። ስለዚህ ከ4 ዓመት በፊት በምዕራብ በኩል ያለውን በረንዳ በመስታወት ልዝጋላት ብዬ ተነሳሁ።

ሐሳቡን ያገኘሁት ከእህቴ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ነው የምትኖረው። ከቤቷ ጀርባ ጣሪያው ሳይቀር መስታወት የሆነ ክፍል አላት። እነሱ ኮንሰርቫቶሪ ይሉታል። ፎቶውን ስትልክልኝ ልቤ እዚያው ቀረ። እኔም ሦስቱን ጎን በመስታወት፣ ጣሪያውን ብርሃን በሚያሳልፍ ፋይበር አሠራሁት። በ3 ሳምንት አለቀ። አበቦቹ ገቡ፣ የእማዬ ወንበር ገባ፣ ቡና ተፈላ።

የካቲት ላይ እማዬ ወንበሯን ይዛ ወጣች። "ልጄ፣ እዚህ ውስጥ እኮ ቆሎ ይቆላል" አለችኝ። ቴርሞሜትር ገዝቼ ሰቀልኩ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 41 ዲግሪ አነበብኩ። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ፋይበሩን ይደበድበው ጀመር፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን መሰማማት አቃተን። በረዶ የወረደ ቀን እማዬ ጣሪያው የሚወድቅ መስሏት እያማተበች ወደ ሳሎን ገባች። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል 7 ዲግሪ ሆነ። ያን ሁሉ ብር አፍስሼ ያገኘሁት በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ የሚያስቀምጥ ክፍል ነበር። በጣም ነበር ያዘንኩት።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው፤ ወፍራም መጋረጃ ከውስጥ ሰቀልኩ። ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱ በኋላ ገባኝ። የፀሐይ ብርሃን መስታወቱን አልፎ ይገባና ያገኘውን ነገር ያሞቃል። የሞቀው ዕቃ መልሶ የሚረጨውን ሙቀት ግን መስታወቱ አያሳልፈውም። መጋረጃው ከውስጥ ከሆነ ራሱ ይሞቃል፣ ሙቀቱም እዚያው ይቀራል። ፀሐይዋን ማስቆም ያለብን መስታወቱ ጋ ከመድረሷ በፊት ነው።

ስለዚህ ከቀርከሃ የተሠራ መጋረጃ አሠርቼ ከውጭ ሰቀልኩት። በገመድ ወደ ላይ ይጠቀለላል። ዋጋው ከአንድ መስታወት ያነሰ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ጨረሯ በጎን ነው የሚገባው፣ ጣሪያ አያግደውም። ቀርከሃው እሱን ያዘልኝ። በሳምንቱ ቴርሞሜትሩ 34 ላይ ወረደ። ቤቱን ከሠራሁ ወዲህ መጀመሪያ የተደሰትኩት ያን ቀን ነው።

34 ግን አሁንም ያልባል። የቀረው ጥፋት ጣሪያው ላይ ነበር፤ ይህንን የተረዳሁት ከእህቴ ጋር በስልክ ስናወራ ነው። "እኛ ጋ እኮ በታኅሣሥ ፀሐይዋ ከአጥር አትዘልም" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሊድስ ላይ በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ 13 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የምትለው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በዚያው ቀን እኛ ጋ ፀሐይ ወደ 58 ዲግሪ ትወጣለች። ሚያዝያ መግቢያ ላይ ደግሞ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። እነሱ መስታወት ጣሪያ የሚሠሩት ያቺን ጥቂት ብርሃን ለመለቃቀም ነው። እኔ ፎቶ አይቼ አገሩን ረሳሁት። እኛ አገር በረንዳ የሚዘጋ ሰው ጎኑን መስታወት ያድርግ፤ ጣሪያውን ግን ይድፈነው ባይ ነኝ።

ፋይበሩን አስነስቼ ቆርቆሮ አስመታሁ። ከሥሩ ፎም፣ ከፎሙ ሥር ደግሞ የእንጨት ኮርኒስ ገባ። ለአበቦቹ ብርሃን እንዲሆን ከግድግዳው ጋር ተያይዛ አንድ ፋይበር ብቻ ቀረች። የዝናቡ ጩኸት በዚያው ጋብ አለ። አንድ ነገር ግን ተበላሸ። ጣሪያው ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ሠራተኛው በሲሊኮን ብቻ ሞልቶት ሄዶ ነበር። ሲሊኮኑ በአንድ በጋ ፀሐይ ተሰነጣጠቀና ክረምት ላይ ውኃ በግድግዳው ወረደ። ሌላ ሰው መጥቶ ግድግዳውን ቦርቡሮ፣ የታጠፈ ላሜራ አስገብቶ፣ በሲሚንቶ ደፈነልኝ። ከዚያ ወዲህ ጠብ አላለም። የምታሠሩ ሰዎች፣ ይቺን ቦታ ቆማችሁ አሠሩ።

ከዚያ የአየር ነገር መጣ። መስኮቶቹ ስላይድ ናቸው፣ ሁሉም በወገብ ልክ። ሙቅ አየር ግን ላይ ነው የሚሰበሰበው። ከኮርኒሱ ሥር ሁለት ትናንሽ መስኮቶች አስከፈትኩ። ወንፊት ለበሱ፣ ለትንኝ። የታችኛው ገርበብ፣ የላይኛው ክፍት ሲሆን አየሩ ራሱ ይጓዛል። ማራገቢያ አላስፈለገኝም። በቀጣዩ የካቲት፣ 9 ሰዓት ላይ 28 ዲግሪ።

ብርዱ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ኮተቤ ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ አጥንት ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ መፍትሔ ያልኩት ከሰል ነበር። አንድ ምሽት ምድጃውን አቀጣጥለን፣ ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ አቆይተን አስገባነው። መስኮቱን ሁሉ ዘጋን። ከአንድ ሰዓት በኋላ እማዬ "ራሴን ከበደኝ" አለች። እኔንም ያቅለሸልሸኝ ጀምሮ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጎረቤታችን እትዬ ሊጠይቁን መጥተው በሩን ገና ሲከፍቱ "ውጡ! ውጡ!" ብለው ጮኹ። እሳቸው ነገሩን ያውቁት ነበር።

የከሰል መርዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም፤ ፍም ሆኖ ቀልቶም ይወጣል። በመስታወትና በሲሊኮን የታሸገ ክፍል ደግሞ ማምለጫ የለውም። አሁን ቡና ስናፈላ የላይኛውም የታችኛውም መስኮት፣ የውጪው በርም ክፍት ነው። ለሙቀት ብሎ ከሰል ማስገባት በቤታችን ክልክል ነው። እባካችሁ፣ እናንተም ቤት ክልክል ይሁን።

ታዲያ በምን ሞቅን? በራሷ በፀሐይ። በረንዳውና ሳሎኑ መካከል ያለው ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ ነው። የአበባ መደርደሪያ ሸፍኖት ነበር፤ አነሳሁት። ከኅዳር እስከ ጥር ቀርከሃውን ከ8 ሰዓት ጀምሮ ጠቅልዬ ፀሐይዋ ድንጋዩን እንድትመታው እተዋለሁ። 12 ሰዓት ሳይሞላ መስኮቶቹን ዘግቼ፣ ያ መጀመሪያ ያልሠራልኝን ወፍራም መጋረጃ ከውስጥ እስከ ወለሉ እለቀዋለሁ። ሌሊት ሙቀቱን ለመያዝ ትክክለኛ ቦታው ያ ነው። ድንጋዩ እስከ ምሽት 3 ሰዓት ድረስ በእጅ ሲነካ ለብ ይላል። ሴራሚኩ ላይ ስጋጃ ተነጠፈ፤ የእማዬ እግር በጣም የሚበርደው ከወለሉ ነበር። ባለፈው ታኅሣሥ ጠዋት 12 ዲግሪ ነበር። በጋቢ ይቻላል።

ክረምት ላይ መስታወቱ ጠዋት ጠዋት ላብ ያወርድ ነበር፤ ጥግ ጥጉም ሻጋታ ያዘ። ልብስ እዚያ ማስጣት አቆምን፣ አበቦቹንም ማታ ሳይሆን ጠዋት እናጠጣለን። ዝናብ ቢሆንም የላይኛዋ መስኮት ትንሽ ክፍት ትሆናለች። በዚሁ አለቀ።

እማዬ አሁን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ገብታ ጥጧን ትፈትላለች። የቀረኝ የሰሜኑ ጎን ነው። በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ወደዚያ ስለምታዘነብል መስታወቱ ትንሽ ይግላል፤ ቀርከሃ ገና አላሠራሁለትም። እስከዚያው እማዬ አሮጌ ነጠላዋን ከውጭ በኩል አስሰቅላኛለች።