አንዲት ቀን የጎደለችበት ወረቀት

የምሠራው ትርጉም ቤት ነው። የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ማስረጃ ወደ እንግሊዝኛ እንመልሳለን። ደንበኛ ሲጠፋ መሳቢያዬን ገርበብ አድርጌ መጽሐፍ አነባለሁ። አለቃዬ ጋሼ ያውቃሉ፤ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

ያን ሰሞን የያዝኩት ኤች ጂ ዌልስ በ1895 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ዘ ታይም ማሽን» ነበር። ስሙ የማይጠቀስ ሰውዬ ራሱ የሠራው ማሽን ላይ ተቀምጦ ወደ 802,701 እ.ኤ.አ. ይከንፋል። አጀማመሩ ይዞኝ ነበር። ጊዜም እንደ ርዝመትና ስፋት ነው እያለ እንግዶቹን የሚሞግትበት ቦታ ላይ ሻዬ ቀዝቅዟል። ኋላ ግን ተቀያየምን። ዊና የምትባል ፍጡር ከወንዝ ያወጣል፤ እንደ ጥላ ትከተለዋለች፤ ኪሱ ውስጥ አበባ ትሰካለታለች። ከዚያ ጫካው በእሳት ሲያያዝ ጠፋች፣ አለቀ። እኔ ያዘንኩላትን ያህል ደራሲው ያዘነላት አልመሰለኝም። ደግሞ የማሽኑ ቆጣሪዎች! አንዱ ቀን፣ ሌላው ሺህ ቀን፣ ሌላው ሚሊዮን ቀን። ሰለቸኝና ዘለልኩት።

በዚህ መሃል አንድ አባት የልጃቸውን የልደት ወረቀት አመጡ። መስከረም 5 ቀን 1996። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ስለዚህ 15። ጻፍኩ፣ ማኅተም ተመታ፣ ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ።

አመሻሽ ላይ አባትየው ላብ አጥምቋቸው ገቡ።

«ልጄ ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የተወለደችው?»

ፓስፖርቷ 16 ይላል። የኤምባሲ ቀጠሮዋ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ነው።

ጋሼ አልጮሁም። «የ1995 ጳጉሜን ስንት ነበረች?» አሉኝ ብቻ።

ስድስት። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ቀኑ ሁሉ በአንድ ይገፋል። በዚያ ዓመት ገናን ታኅሣሥ 28 የምናከብረው እኮ ለዚሁ ነው። ዶሮው ሲገዛ የማውቀውን ጠረጴዛዬ ላይ ረሳሁት።

አዲሱን ወረቀት ስሰጣቸው አባትየው መሳቢያዬን አዩ። «ጥሩ መጽሐፍ ነው?»

«ግማሹ» አልኳቸው።

ማታ የዘለልኩትን ገጽ ከፈትኩ። ሰውዬው ዓመቱን ያነበብኩት ከቆጣሪዎቹ ነው ይላል። ቆጣሪዎቹ ግን የሚቆጥሩት ቀን ነው። ማን ወደ ዓመት መነዘረለት? በተበላሸው ወረቀት ጀርባ አሰላሁት። እንደኔ አራተኛውን ዓመት ረስቶ ከሆነ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ተሳስቷል።