እንዶዱን ማን አጠጣህ?

የምሠራው ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ፣ ጣና ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ ተቅማጥና ትውከት ይዞት የሚመጣ ሰው ካለ ሁላችንም ጭንቅ ይለናል። አተት እንዳይሆን ነው።

የዚያን ቀን አንድ ወጣት ዓሣ አስጋሪ በባጃጅ ተጭኖ መጣ። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ሆዱን ይዞ ያቃስታል። ተረኛዋ ነርስ ወዲያው ጉሉኮስ ሰካችለት። ምን በላህ፣ ውሃ ከየት ጠጣህ፣ ሌላስ የታመመ ሰው አለ? ሁሉም ተጠየቀ። "የባህል መድኃኒት ወስደሃል?" ስትለው "ኧረ ምንም!" አለ።

እኔ የሰገራ ናሙናውን ይዤ ገባሁ። ማይክሮስኮፑ ላይ የቢልሃርዝያ ትል እንቁላል አየሁ። ሞላላ ሆኖ ጎኑ ላይ እሾህ የመሰለ ነገር ወጣ ብሎበታል። አንዴ ያየው ሰው አይስተውም። ቢልሃርዝያ ሐይቅ ውስጥ ለሚውል ሰው ብርቅ አይደለም፤ ግን እንዲህ በአንድ ጀምበር ሰው አይጥልም። ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ያንን ሌላ ነገር ያገኙት የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው። እማማ ነው የምንላቸው። ጓንታቸውን አጥልቀው የትውከቱን ባልዲ ሊያነሡ ጎንበስ አሉና ቆም አሉ። ትውከቱ ላይ ነጭ አረፋ ተኮፍሷል። ባልዲውን ነቅነቅ ሲያደርጉት አረፋው ባሰበት። ቀና ብለው "አንተ ልጅ፣ እንዶዱን ማን አጠጣህ?" አሉት።

ዝም አለ።

"ንገረኝ የኔ ልጅ፣ ማንም አይቆጣህም።"

ያኔ እንባው መጣና ተናገረ። ቀደም ብሎ ተመርምሮ ቢልሃርዝያ አለብህ ተብሏል። ኪኒኑን የዋጡ ጓደኞቹ አዞረን ስላሉት ፈራ። ትምህርት ቤት ሳለ ደግሞ "እንዶድ ቢልሃርዝያን ይገድላል" ሲባል ሰምቷል። ከአጥር ላይ ፍሬውን ለቅሞ ወቀጠ፣ በጥብጦ በባዶ ሆዱ ጠጣ።

የሰማው ውሸት አይደለም፤ ግማሹ ነው የቀረበት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣው ከሞተ መንገዱ ይቆረጣል። ለዚህ ሥራቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እንደ ኢትዮጵያዊ የምኮራበት ሥራ ነው። ግን እንዶዱ የሚገድለው ውሃ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ነው እንጂ ሰው ደም ሥር ውስጥ የተቀመጠውን ትል አይደለም።

አረፋውን የሚያመጣው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋቢና ነጠላ ያጠቡበት እሱ ነው። ፍሬው ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፤ ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ይደፍቃል። ለልብስ ድንቅ ነው። ሆድ ውስጥ ሲገባ ግን አንጀት ይልጣል፣ ደም ውስጥ ከደረሰም ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። በየሰፈሩ ሥሩና ቅጠሉ ለወፍ በሽታ፣ ለሆድ ትል፣ ለእብድ ውሻ ንክሻ ይሰጣል። ፅንስ ለማስወረድ የሚጠጡም አሉ፤ ይኼኛው ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል። በውሻ የተነከሰ ሰውም ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ለክትባት መሮጥ ሲገባው እንዶድ ጠጥቶ ቤቱ ከተቀመጠ ጊዜው ያመልጠዋል።

ልጁ ፈሳሽ እየተተካለት አደረና ተሻለው። እኛ ጋ ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ። "የባህል መድኃኒት ወስደሃል?" የሚለው ጥያቄ ለብቻው አይጠቅምም። ሰው ግልምጫ ስለሚፈራ "አልወሰድኩም" ይላል። አሁን ነርሶቹ "እዚህ ከመምጣትህ በፊት ቤት ምን ሞከራችሁ? ጤና አዳም? ግራዋ? ኮሶ? እንዶድ?" እያሉ በስም ይጠይቃሉ፤ መልሱን ሲሰሙም ፊታቸውን አያጠቁሩም። በዚህ አጠያየቅ ሰው ይናገራል። እማማም ባልዲ ሲያነሡ ያዩትን እንዲነግሩን እንጠይቃቸዋለን። እኔ በበኩሌ የታካሚ ታሪክ ሲወሰድ እሳቸው አጠገባችን ቢሆኑ እመርጣለሁ።

ልጁ ካገገመ በኋላ ፈርቶት የነበረውን የቢልሃርዝያ ኪኒን፣ ፕራዚኳንቴልን፣ ወሰደ። ልኩ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊግራም ነው፤ እህል ከቀመሱ በኋላ ሲዋጥ ማዞሩም ማቅለሽለሹም ይቀንሳል። ሲወጣ "ታዲያ እንዶዱን ታንኳ ከምናስጠጋበት ውሃ ላይ ብንበትነውስ?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን እንዶድ ለዓሣም መርዝ ነው። እንጀራህ ሐይቁ ውስጥ ነው፣ እዚያ አትበትነው አልኩት። በዚያ ፈንታ ሐይቁ ዳር እንዳይጸዳዳ፣ ጓደኞቹንም እንዲነግርልኝ ለመንኩት፤ እንቁላሉ ውሃ ካልገባ ቀንድ አውጣው ብቻውን ማንንም አያሳምምም።