ውኃ ቢቀየርም አልወርድ ያለ ናይትሬት

«ልጄ፣ ናይትሬቱ 80 ገባ። ዓሦቹም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ነው።»

የደወሉልኝ በአንድ ክሊኒክ የታካሚዎች መቆያ ክፍል ውስጥ ያለውን አዲስ አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) የሚንከባከቡ የጥገና ሠራተኛ ናቸው። ሥራዬ በየመሥሪያ ቤቱ አኳሪየም መትከልና መከታተል ስለሆነ ብዙ ተንከባካቢዎችን አውቃለሁ፤ እንደ እርሳቸው ጠንቃቃ ግን ጥቂት ነው ያየሁት። የለኩትን ሁሉ በደብተር ይጽፋሉ፣ ቀን አያሳልፉም። ቁጥሩን አመንኩ። ከዓሦቹ ሁኔታ ጋር ግን አልገጠመልኝም። ናይትሬት፣ ማለትም ከዓሦች ቆሻሻ መጨረሻ ላይ ውኃው ውስጥ የሚጠራቀመው የናይትሮጅን ውህድ፣ ሲበዛ ዓሣን ቀስ እያለ ያዳክማል፤ ዕድገቱን ይገታል፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙን ይቀንሳል፣ አልጌም ያበዛል። 80 ሚሊ ግራም በሊትር መጥፎ ቢሆንም፣ ጤነኛ የነበረን ዓሣ ከትናንት እስከ ዛሬ ትንፋሽ አያሳጣም። ሌላ ነገር አለ ብዬ መመርመሪያዎቼን ይዤ ሄድኩ።

ስደርስ መጀመሪያ የለካሁት አሞኒያንና ናይትራይትን ነው፤ ቆሻሻው ናይትሬት ከመሆኑ በፊት የሚያልፍባቸው መርዛማ ደረጃዎች ናቸው። ሁለቱም ከሳምንታት በፊት ዜሮ ገብተው የነበሩ ናቸው። አሁን አሞኒያው በትንሹ ታየ፤ ናይትራይቱ ደግሞ ጠብታው ቱቦው ውስጥ እንደገባ ወይን ጠጅ ሆነ። ዓሦቹን ያፈናቸው ይህ ነው። ናይትራይት በስንጥብ (በዓሣው መተንፈሻ) በኩል ደም ውስጥ ሲገባ ሄሞግሎቢንን፣ ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል፣ ይለውጠዋል፤ የተለወጠው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን መሸከም አይችልም። ውኃው ውስጥ በቂ አየር እያለ ዓሣው ይታፈናል።

ታዲያ የ80 ነገር ምንድን ነው? አብዛኞቹ የናይትሬት መመርመሪያዎች ናይትሬቱን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጡና ቀለም የሚያወጡት ከናይትራይቱ ነው። ውኃው ውስጥ አስቀድሞ ናይትራይት ካለ እርሱም ይቆጠራል፤ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ይዘላል። በአዲስ አኳሪየም ናይትራይት ዜሮ ሳይገባ የተለካ ናይትሬትን አልቀበልም የምለው ለዚህ ነው።

«ሰሞኑን ማጣሪያውን ነክተውት ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አዎ። ናይትሬቱ አልወርድ ሲለኝ፣ ቆሻሻው እዚያ ተጠራቅሞ ይሆናል ብዬ ስፖንጁን አውጥቼ ቧንቧ ሥር እስኪነጣ አጠብኩት።»

ሐሳባቸው ከመልካም ልብ የመጣ ነው፤ ቡናማ ሆኖ የተዝለገለገ ስፖንጅ ያየ ሰው ሁሉ ማጠብ ያምረዋል። ግን በዚያ ቡናማ ሽፋን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው አኳሪየሙን በሕይወት የሚያኖሩት። ከዓሦቹ ፈሳሽና ከተረፈ ምግብ የሚወጣውን አሞኒያ አንደኛው ወገን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። በአዲስ አኳሪየም ይህ ማኅበር ተቋቁሞ እስኪበረታ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን የሚጨመረውም ባክቴሪያ ለመግደል ነው። እርሳቸው ወደ ገንዳው ለሚጨምሩት ውኃ የክሎሪን ማርከሻ ሁልጊዜ ይጠቀሙ ነበር፤ ለስፖንጁ ማጠቢያም ያስፈልጋል ብሎ ማን ያስባል? ስፖንጅ መለቅለቅ ያለበት በቅያሬ ጊዜ ከገንዳው በተቀዳው ውኃ በባልዲ ውስጥ ነው፤ ያውም ፍሰቱ ሲደክም ብቻ፣ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ።

የዕለቱ ሥራ ፈጣን ነበር። ግማሹን ውኃ ቀየርን፣ አየር ማስገቢያ ጨመርን፣ ምግብ አቆምን። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ስለሚሻማው ጥቂት ጨው ሟሙቶ ገባ። ከሌላ ጤነኛና የቆየ አኳሪየም ያመጣሁትን ስፖንጅም ከታጠበው ጎን አስቀመጥነው። ሁለት ኒዮን ቴትራ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች አልተረፉም። እርሳቸው ዝም ብለው በመረብ አወጧቸው፤ እኔም ዝም አልኩ።

የክፉውን ቀን ምክንያት አገኘን እንጂ ዋናው ጥያቄ ገና ነበር። ስፖንጁን ያሳጠባቸው ናይትሬት ለምንድን ነው የማይወርደው? ደብተራቸውን ገለጥኩ። ገንዳው 200 ሊትር ነው፤ በየሳምንቱ 100 ሊትር ይቀየራል፤ ከቅያሬው በፊት የተለካው ደግሞ 40፣ 40፣ እንደገና 40። ብዙዎቻችን ጨዋማ ባልሆነ ውኃ አኳሪየም ናይትሬቱን ከ20 እስከ 40 ባለው ክልል ነው የምንይዘው፤ 40 የዚያ የላይኛው ጠርዝ ነው። ግማሽ ውኃ በየሳምንቱ እየተቀየረ፣ በጥቂት ትናንሽ ዓሦች፣ እዚያ ጠርዝ ላይ መቆም አልነበረበትም።

«የቧንቧውን ውኃ ለክተውት ያውቃሉ?»

«የምንጠጣውን?» አሉኝ በመገረም።

ለካነው። ቀለሙ በ20ና በ40 መካከል ያለ ብርቱካን ሆነ፤ እዚህ ቦታ ላይ ዓይን ይሳሳታል። ስለዚህ ከናይትሬት ነጻ ከሆነ የተጣራ ውኃ ጋር እኩል ለእኩል አቅጥኜ ደግሜ ስለካ 15 ያህል ሆነ፤ ቧንቧው 30 ነው ማለት ነው። ለመጠጥ ምንም ችግር የለበትም፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ናይትሬትን በሊትር እስከ 50 ሚሊ ግራም ይፈቅዳል። ለገንዳው ግን ነገሩን ሁሉ ያስረዳል። 40 ያለበት ገንዳ ግማሹ ወጥቶ 30 ያለበት ውኃ ሲገባ 35 ይሆናል። ዓሦቹ በሳምንት 5 ያህል ሲጨምሩ ተመልሶ 40። ደብተሩ የተጻፈው እንዲህ ነው። በየቀኑ ቢቀይሩም ከ30 በታች መውረድ አይቻልም፤ የሚገባው ውኃ ራሱ ወለሉ ነውና።

ስሌቱን በደብተራቸው ጠርዝ ላይ አብረን ሠራነው። እርሳቸው እርሳሱን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ደገሙት። አንድ ሰው የሚያደርገው ነገር ለምን እንደማይሠራ በገዛ እጁ ሲያሰላው ማየት ለእኔ የዚህ ሙያ ትልቁ ደስታ ነው።

መፍትሔው ከሚገባው 100 ሊትር ግማሹን በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃን በግፊት በጣም በጠበበ ወንፊት በሚያሳልፍ ማጣሪያ) የተጣራ ውኃ ማድረግ ሆነ። የሚገባው ድብልቅ 15 ይሆናል፤ ቀስ በቀስ ገንዳው ከቅያሬ በፊት 25፣ ከቅያሬ በኋላ 20 ላይ ይረጋል። ሙሉ በሙሉ በተጣራ ውኃ እንቀይር የሚል ሐሳብ ከአስተዳደሩ መጥቶ ነበር፤ አጥብቄ ተቃወምኩ። የተጣራው ውኃ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል፤ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ በሥራቸው የውኃውን አልካላይነት (አሲድን የመቋቋም አቅሙን) ይበላሉ። ያ ካለቀ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ይወድቃል፣ ማለትም ውኃው አሲዳማ ይሆናል፣ ባክቴሪያዎቹም ሥራ ያቆማሉ፣ ወደ አሞኒያ እንመለሳለን። ከዚህ በተጨማሪ ፈጥነው የሚያድጉ ተንሳፋፊ ተክሎች አስገባን፤ ሲበዙ እየታጨዱ ሲወጡ የበሉትን ናይትሮጅን ይዘው ይወጣሉ። ገንዳው ውስጥ በስብሰው ከቀሩ ግን ሁሉንም ይመልሱታል።

ናይትራይቱ ዜሮ እስኪገባ ስጠብቅ ቆይቼ ናይትሬቱን እንደ አዲስ ለካን። ከዚያ ወዲህ በደብተሩ ውስጥ «የሚገባ ውኃ» የሚል ዓምድ አለ፤ በዝናብ ወራት የከርሰ ምድር ውኃ ናይትሬት ሊለዋወጥ ስለሚችል በየወሩ ይሞላል። ንባቡ ወደ 25 ሲጠጋ «አሁን የሞቱትን እንተካ?» ብለው ጠየቁኝ። እንተካለን፣ ግን ጥቂት ጥቂት እያደረግን፤ የባክቴሪያው ብዛት የሚጨምረው በሚያገኘው አሞኒያ ልክ ነውና አዲስ ዓሣ በገባ ሳምንት ናይትራይቱን በየዕለቱ ይለኩ አልኳቸው። እርሳቸውም ሌላ ዓምድ አሰመሩ።