ሁሉም ሰው ሁሉንም መጽሐፌን ተውሶ ተገኘ

ዳታቤዝ ልማር ብዬ ከተነሳሁ አንድ ወር ሆነኝ። መማሪያዎቹ ላይ ያለው የተማሪና የኮርስ ምሳሌ ስለሰለቸኝ የራሴን ችግር ልፍታበት ብዬ መጽሐፍ የተዋሱኝን ሰዎች መመዝገብ ጀመርኩ። 25 ሰው፣ 48 መጽሐፍ።

መጀመሪያ ያው እንደ ኤክሴል አንድ ቴብል ሰራሁና ስም፣ ስልክ፣ መጽሐፍ1፣ መጽሐፍ2፣ መጽሐፍ3 አልኩ። አንዱ 4ኛ ሲወስድ ኮለም ጨመርኩ፣ 5ኛ ሲወስድ ደግሞ ጨመርኩ፣ ቴብሉ ወደ ጎን እያደገ ሄደ። እሱስ ይሁን፣ የአንዷን ጓደኛዬን ስም አንዴ በጸሎቱ ጸ አንዴ በፀሐዩ ፀ ጽፌው ኖሮ ለኔ አንድ ሰው ናት ለዳታቤዙ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች፣ ስልኳን ስትቀይር የአንደኛዋን ብቻ አስተካክዬ ለሌላዋ ስደውል የማላውቀው ሰውዬ አነሳው። ፕራይመሪ ኪይ (ለእያንዳንዱ ረድፍ የሚሰጥ የማይደገም መለያ) ለምን እንዳስፈለገ ያኔ ገባኝ፣ ሰውን በስሙ ሳይሆን በቁጥር ለይ ነው ነገሩ። 7 ቁጥር ሁለት ዓይነት አይጻፍም (፯ን ካላመጣህ በቀር)።

ኤድጋር ኮድ የሚባለው የአይቢኤም ሰውዬ ይሄን የሪሌሽናል ሀሳብ (መረጃን እርስ በርስ በሚያያዙ ቴብሎች መያዝ) በ1970 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው፣ እኔ ጋ ለመድረስ ግን ጊዜውን ወስዷል። ብቻ ቴብሉን ሦስት ቦታ ከፈልኩት፦ ሰዎች፣ መጻሕፍት፣ ውሰት። ውሰቱ የሰውዬውንና የመጽሐፉን ቁጥር በፎሪን ኪይ (የሌላውን ቴብል መለያ በሚጠቁም ኮለም) ይይዛል፣ አለቀ። 31 ውሰት መዘገብኩ፣ ኩራቴ አይጣል ነው።

ከዛ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚጻፍ ጥያቄ) መጣ። ያልተመለሰ መጽሐፍ የተመለሰበት ቀኑ ባዶ ነው፣ በዳታቤዝ ቋንቋ ናል ይባላል። ያልመለሱትን አምጣ ለማለት “የተመለሰበት ቀን እኩል ይሆናል ናል” ብዬ ጻፍኩ። 0 ረድፍ! የሰው ልጅ እንዲህ ታማኝ ነው እንዴ ብዬ ዞር ስል መደርደሪያዬ ግማሹ ባዶ ነው። ለካ ናል ማለት አይታወቅም ማለት ነው፣ የማይታወቅ ነገር ከማይታወቅ ነገር ጋር እኩል ነው ወይ ስትለው መልሱም አይታወቅም ነው፣ ስለዚህ አንድም ረድፍ አያልፍም። “ኢዝ ናል” (ናል ነው ወይ) ማለት ነበረብኝ።

አስተካከልኩና ስማቸውን ከነመጽሐፉ ላውጣ ብዬ ሰዎችንና መጻሕፍትን በኮማ ደርድሬ ውሰት የሚባለውን ቴብል ረስቼው ኢንተር ነካሁ። 1,200 ረድፍ። የሚያገናኛቸው ሲጠፋ እያንዳንዱን ሰው ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ጋር አጣምሮ 25 ሲባዛ በ48 መሆኑን ያኔ ማን ያስብ፣ እናቴ ራሷ የጃቫ መጽሐፍ ወስዳለች ይላል። እኔ ደግሞ በጦፈ ስሜት ለአንዱ ጓደኛዬ “48 መጽሐፌን መልስ፣ ማስረጃ አለኝ” ብዬ ላክሁለት።

ሰውዬው ደንግጦ በበነጋታው አንድ ልብወለድ ይዞ መጣ። የወሰደው ሁለት ነበር፣ ሁለተኛው ራሱ የዳታቤዝ መማሪያው ነው፣ ገና አልጨረስኩትም አለኝ። ይሁን ብዬ ልብወለዱን እዛው ፊቱ ልመዝግብለት አልኩ፣ ትንሽ ጉራም ነበረበት መቼስ፣ “አፕዴት ውሰት ሴት የተመለሰበት ቀን ዛሬ” (ውሰት ላይ የተመለሰበትን ቀን ዛሬ አድርግ) ብዬ ጻፍኩና ቶሎ ኢንተር።

“31 ረድፍ ተስተካክሏል” አለኝ።

ዌር የለም። የትኛው ረድፍ እንደሚስተካከል የምትወስነውን፣ ዌር የምትባለዋን ረስቻታለሁ። ሮልባክ (ወደ ነበረበት መልስ) ብል ትራንዛክሽን (እስካጸድቀው ድረስ ሊሰረዝ የሚችል ሥራ) ሳልከፍት ነው የጻፍኩት፣ በራሱ ኮሚት አድርጎታል፣ ማለትም አጽድቆታል። ባካፕ ስፈልግ ያለኝ ያ ሁለት ጸ ያለበት አሮጌው ቴብል ነው።

ጓደኛዬ ስክሪኑን ጎንበስ ብሎ አየው። የራሱን ቁጥር በጣቱ ፈለገ፣ አገኘው፣ ሁለቱም መጽሐፍ ዛሬ ተመልሷል ይላል።

“በቃ መልሻለሁ ማለት ነው፣ ማስረጃ አለ” ብሎኝ ወጣ።