ጥፋቱ የኮምፒውተሯ አልነበረም

ፊልሞቻችን አምስት ቦታ ተበታትነው ነበር። ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ፍላሽ እና የእህቴ ስልክ። አንድ ነገር ማየት የፈለገ ሰው መጀመሪያ «ያ ጥቁሩ ዲስክ የት ሄደ?» ብሎ ይነሳል። ፍለጋው ከፊልሙ ይረዝማል። ዲስኩ ተገኝቶ ሲሰካ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ፋይሉን አላውቀውም ይላል። ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ የለም። ሌላ ቀን ምስሉ አለ፣ ድምፁ የለም።

ሲመረኝ አንዲት ያገለገለች ትንሽ ዴስክቶፕ ገዛሁ። ከቢሮ የወጣች ናት፤ ውፍረቷ ከመዝገበ ቃላት አይበልጥም። ኮር አይ5፣ 8ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ፊልሙም ሙዚቃውም የቤተሰቡ ቪዲዮም እሷ ጋ ይቀመጣል፤ ቴሌቪዥኑ፣ ስልኩና ላፕቶፑ በቤቱ ኔትወርክ ከእሷ ይቀበላሉ።

ስገዛ በትክክል የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለዚህ ሥራ ከፕሮሰሰሩ ጉልበት ይልቅ የትኛው ጀነሬሽን መሆኑ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአብዛኞቹ ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ኩዊክ ሲንክ የሚባል ክፍል አለው። ሥራው ቪዲዮ መፍታትና መልሶ ማሸግ ብቻ ነው። 7ኛው ጀነሬሽን ላይ ሲደርስ ኤችኢቪሲ የሚባለውን የቪዲዮ ማሸጊያ ዘዴ ባለ 10 ቢት ዓይነትም ቻለ። የ4ኬ ፊልሞች በብዛት የሚመጡት በዚህ ነው። ስለዚህ ከ7ኛ በታች አልወርድም አልኩ። አንድ ጥንቃቄ፦ የፕሮሰሰሩ ስም «ኤፍ» በሚለው ፊደል ካለቀ ውስጡ ግራፊክስ የለም፣ ኩዊክ ሲንክም የለም። በ«ቲ» ካለቀ ቆጣቢው ዓይነት ነው። የእኔዋ ባለ «ቲ» ናት፣ በ35 ዋት የምትሠራ።

ዝግጅቱ አንድ ምሽት ነው የወሰደው። ዴቢያን ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩ፤ ሞኒተርና ኪቦርዱን ነቅዬ ከራውተሩ አጠገብ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት። ላዩ ላይ ጄሊፊንን ጫንኩ። ጄሊፊን እ.ኤ.አ. በ2018 ኤምቢ ከሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ፣ ፊልምና ሙዚቃ በኔትወርክ የሚያከፋፍል፣ ነፃና ኮዱ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። የመረጥኩት ኢንተርኔት ላይ አካውንት ክፈት ስለማይለኝ ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋም የቤቱ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ፊልሙ ይሄዳል። ብራውዘር ላይ የኮምፒውተሯን አድራሻና 8096 የሚለውን የፖርት ቁጥር ጽፌ ስገባ ፖስተሮቹ ተደርድረው ሳይ የሆነ ትልቅ ነገር የሠራሁ መሰለኝ።

ደስታዬ እስከ ማግስቱ ምሽት ቆየ። ሁሉም ተሰብስቦ ፊልም ተከፈተ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ቆመ። ቀጠለ። ቆመ። ኮምፒውተሯ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ትጮሃለች። እናቴ ዞር ብላ አየችኝና «ድሮስ በፍላሹ ምን ሆነን ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስመለከት ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ላይ ነው። እኔም የሁላችንም የመጀመሪያ ስህተት የሆነውን ሠራሁ፤ ደካማ ናት ብዬ ደመደምኩ። 8 ጊጋባይት ራም ጨመርኩላት። ምንም ለውጥ የለም። ቀድሜ ባነብ ኖሮ ፊልም ለማስተላለፍ ራም ያን ያህል እንደማያስፈልግ አውቅ ነበር። ግን ማንበብ የጀመርኩት ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥኑ የፋይሉን ዓይነት ካወቀው ሰርቨሩ፣ ማለትም ፊልሙን የሚያከፋፍለው ኮምፒውተር፣ ፋይሉን እንዳለ አንስቶ ይሰጠዋል። ይህ ዳይሬክት ፕሌይ ይባላል፤ ከፖስተኛ ሥራ አይከብድም። ካላወቀው ግን ሰርቨሩ አስተርጓሚ መሆን አለበት። ፊልሙ እየሄደ እያንዳንዱን ምስል ፈትቶ፣ ቴሌቪዥኑ በሚገባው ቋንቋ እንደገና ይጽፋል። ይህ ነው ትራንስኮድ። የኔዋ ምስኪን ሌሊቱን ሙሉ ስታስተረጉም ነበር።

ለምን? ጄሊፊን ዳሽቦርድ ላይ አንድ ሰው ፊልም ሲያይ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ይታያል፤ ትራንስኮድ ከሆነም ምክንያቱ ተጽፏል። ቀድሞ መታየት የነበረበት ቦታ ያ ነው። ምክንያቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ሰብታይትል። የፊልሙ ሰብታይትል ፒጂኤስ የሚባለው ዓይነት ነበር። ከብሉሬይ የሚመጣ ነው፤ ጽሑፍ ይምሰል እንጂ ሥዕል ነው። ቴሌቪዥናችን እሱን ለብቻው ማሳየት አይችልም። ስለዚህ ሰርቨሩ ሥዕሉን እያንዳንዱ ምስል ላይ አትሞ ፊልሙን በሙሉ እንደገና ይጽፋል። ለሁለት መስመር ጽሑፍ! ተራ ጽሑፍ በሆነው በኤስአርቲ ሰብታይትል ቀየርኩት። ፕሮሰሰሩ ከ100 ወርዶ 3 በመቶ ላይ ተኛ።

ሁሉንም ፋይል እንዲህ ማስተካከል ስለማይቻል ኩዊክ ሲንክን ማብራት ነበረብኝ። ሴቲንግ ውስጥ ሃርድዌር አክሰለሬሽን የሚለው ቦታ ላይ መረጥኩት። ከዚያ በኋላ ትራንስኮድ የሚያስፈልገውን ፊልም ጭራሽ አልከፍት አለ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ለካ ጄሊፊን የሚሠራበት ተጠቃሚ «ሬንደር» የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አልገባም፤ ግራፊክሱን ለመንካት ፈቃድ የለውም። አንድ መስመር ትእዛዝ፣ አንድ ሪስታርት፣ አለቀ።

ሰብታይትል ካነሳን አይቀር፣ የአማርኛው ጉዳይ የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ ያስገባሁት የአማርኛ ሰብታይትል አራት ማዕዘን ሳጥኖች ደርድሮ አሳየኝ። ሳጥን ከሆነ ፋይሉ ደህና ነው፤ የጠፋው ፎንት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የግእዝ ፎንት አውርዶ አንድ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥና ጄሊፊን መጠባበቂያ ፎንት አድርጎ እንዲወስደው መንገር ነው። ሁለተኛው ፋይል ግን ሳጥን ሳይሆን ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል አመጣ። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ ከፋይሉ ነው። ወይ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሴቭ አልተደረገም፣ ወይ በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት በራሱ መንገድ ይጽፍ ነበር። እንዲህ ያለውን ወደ ዩኒኮድ መቀየር እንጂ ፎንት መጫን አያድነውም።

አሁን ተሳካ ብዬ አንድ ትልቅ የ4ኬ ፊልም ከፈትኩ። ቆመ። ፕሮሰሰሩ ግን 2 በመቶ ላይ ነው! ኮምፒውተሯ ነፃ ናት ማለት ነው። ቀጥሎ የጠረጠርኩት ዲስኩን ነው፤ እሱም ነፃ ወጣ። ጥፋተኛው ከዕቃ ማስቀመጫ ያወጣሁት አሮጌ የኔትወርክ ኬብል ነበር። ውስጡ ስምንት ሽቦ አለ፣ አራት ጥንድ። ጊጋቢት ለመሥራት አራቱም ጥንድ ያስፈልጋሉ። ከመካከላቸው አንዷ ሽቦ ስትበጠስ ኔትወርኩ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ቃል ሳይተነፍስ በሁለት ጥንድ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። መብራቱ ይበራል፣ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ማንም አይጠረጥርም። የ4ኬ ብሉሬይ ፊልም ግን በሴኮንድ እስከ 128 ሜጋቢት ሊደርስ ይችላል። ኤትቱል የሚለውን ትእዛዝ ስጽፍ ፍጥነቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ኬብሉን ቀየርኩ።

በነገራችን ላይ ብዙ ቴሌቪዥኖች ራሳቸው የኬብል መሰኪያቸው 100 ሜጋቢት ብቻ ነው። ኬብል ሁልጊዜ ከዋይፋይ ይሻላል የሚባለው ለእነሱ አይሠራም። የእኛን ቴሌቪዥን በ5 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ ሳገናኘው ነው የተሻለው።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ሰርቨሯ አልተነሳችም። ባዮስ በሚባለው የኮምፒውተሯ መነሻ ሴቲንግ ውስጥ መብራት ሲመለስ በራስሽ ተነሺ የሚል ምርጫ አለ፤ አላበራሁትም ነበር። አበራሁት። በሚቀጥለው ጊዜ ተነሳች፣ ፊልሞቹ ግን በሙሉ ጠፉ። እዚህ ላይ ልቤ ወደ እግሬ ወረደ። ፊልሞቹ ያሉበት የኤክስተርናል ዲስኩ ስም ተቀያይሮ ነው፤ ሊኑክስ ለዲስኮች የሚሰጠው ስም በተነሳ ቁጥር ሊለዋወጥ ይችላል። ዲስክ ኮምፒውተሯ ስትነሳ የምታያይዛቸው ዲስኮች በተዘረዘሩበት ፋይል፣ ኤፍስታብ ውስጥ፣ በማይለወጠው መለያው፣ በዩዩአይዲ፣ መመዝገብ ነው ያለበት። እዚያው መስመር ላይ «ኖፌይል» የምትለዋን ቃል ጨምሩ። ያለሷ አንድ ቀን ዲስኩ ሳይሰካ ቀርቶ ኮምፒውተሯ እሱን ስትጠብቅ ቆማ ቀረች። እኔም ሞኒተር ተሸክሜ መደርደሪያው ሥር ተንበረከክሁ።

የፋይል ስም ነገር ደግሞ አሳቀን። ጄሊፊን በፎልደሩ ስም ፈልጎ ፖስተርና ታሪክ ራሱ ያመጣል። የፊልሙ ስም ከነዓመተ ምሕረቱ በቅንፍ ካልተጻፈለት ይገምታል። የእህቴን ልደት ቪዲዮ የአስፈሪ ፊልም ፖስተር ለጠፈበት። እህቴ እስካሁን ፖስተሩ ይመለስ ትላለች። የቤተሰብ ቪዲዮ ለብቻው፣ የቤት ቪዲዮ በሚለው ዓይነት መከፈት አለበት፤ ያኔ ጄሊፊን ምንም አይፈልግም።

ከቤት ውጭ ሆኖ ለማየት ራውተሩ ላይ ፖርት መክፈት ይቻላል። አልከፈትኩም። ዋየርጋርድ የሚባል ቪፒኤን ጫንኩ፤ ስልኬ ሩቅ ሆኖም ቤት ያለ ይመስለዋል።

ኤሌክትሪክ የሚለካ ሶኬት ላይ ሰካሁና አየኋት። ሥራ ሲፈታ 9 ዋት። ዓመቱን ሙሉ ሳትጠፋ ብትቆይ 79 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። 60 ዋት የሚበላ አሮጌ ትልቅ ኮምፒውተር ብጠቀም ኖሮ 526 ገደማ ይሆን ነበር።

ፊልሞቹን ባክአፕ አላደርግም፤ ቢጠፉ ይተካሉ። የቤተሰቡ ቪዲዮ ግን ሌላ ዲስክ ላይ ይገለበጣል። ዲስኩ በወር አንዴ ተሰክቶ ይነቀላል። ያ የፈረደበት የጥቁሩ ዲስክ ሥራ አሁን ይህ ሆኗል፤ የት እንዳለም ሁሉም ያውቃል።

ትናንት ማታ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሦስት የተለያየ ነገር እያየ ገብቼ ተመለከትኩ። ፕሮሰሰሩ 4 በመቶ። ከ16 ጊጋባይት ራሙ የያዘችው 2 ብቻ ነው።