የተርቦዬ ቡስት መስመር ያዘ

ከብዙ ልፋት በኋላ ቀጥ ያለ ሎግ (ከሞተሩ ኮምፒውተር የተቀዳ መረጃ) አገኘሁ። በሦስተኛ ማርሽ፣ ከ3,200 እስከ 5,000 የሞተር ዙር፣ ቡስቱ (ተርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር ግፊት) ከታሰበለት ቁጥር በግማሽ ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) እንኳ አልራቀም። ለባለቤቴ ሳሳያት «ታዲያ አሁን ይበራል?» አለችኝ። አይበርም። እንዲያውም ጫፉ ከበፊቱ ዝቅ ብሏል። እኔን ደስ ያለኝ ያዘዝኩትን ብቻ መስጠቱ ነው።

መኪናዋ የ2007 ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ናት። 2.5 ሊትር ሞተር፣ ቲዲ04 ተርቦ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። እዚህ አገር ሐበሻና ሱባሩ አይጠፋም።

ጀማሪነቱን ላሳጥረው። ተርቦውን የሚያዞረው ጭሱ ነው። ዌስትጌት የምትባለው ትንሽ በር ስትከፈት ጭሱ በጎን ያልፋል፤ ተርቦውም ረገብ ይላል። በሯን የሚከፍታት አክቹዌተር ነው፤ ውስጡ ሞላ አለው። ቡስቱ ሞላውን ሲያሸንፍ በሯ ትከፈታለች። ሶሌኖይዱ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ) ደግሞ ወደ አክቹዌተሩ የሚሄደውን አየር እየቀነሰ በሯን ያዘገያታል፤ ቡስት የሚጨምረው እንዲህ ነው። ሶሌኖይዱን ብትነቅሉት የሚቀራችሁ የሞላው ቡስት ነው። የእኔ 8 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። በሶፍትዌር ከዚያ በታች መውረድ የለም።

ከፍታን ግን ሳላነሳ አላልፍም። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ናት። ባሕር ዳርቻ አየሩ 14.7 ፒኤስአይ ነው፤ እዚህ 12.2 ገደማ። የገጠምኩት ጌጅ (የቡስት መለኪያ) 13 ሲያሳይ ሎጉ ላይ የማነበው 10.5 ነው። ጌጁም ደህና ነው፣ ሴንሰሩም ደህና ነው። ጌጁ የሚለካው አጠገቡ ካለው አየር አንጻር ነው። ሮምሬይደር በሚባለው የሞተር ኮምፒውተር ማስተካከያ ሶፍትዌር የምንከፍታቸው የቡስት ሰንጠረዦች ደግሞ ከባሕር ወለል አንጻር የተጻፉ ናቸው፤ እኔም ሎጉን በዚያው ነው የማነበው። የ2.5 ልዩነቱ የአየሩ ልዩነት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «15 እየነዳሁ ነው» ሲላችሁ መጀመሪያ የት ሆኖ፣ በምን እንደለካ ጠይቁት።

ጉዳዩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳርቻ 13 ፒኤስአይ ለመስጠት ተርቦው አየሩን ወደ 1.9 እጥፍ ያምቀዋል። እዚህ ያንኑ አየር ለመስጠት ወደ 2.3 እጥፍ ማመቅ አለበት። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ ወደ 2.5 እጥፍ ይደርሳል። ትንሽ ተርቦ ያን ሁሉ ሲሞክር ከልኩ በላይ ይሽከረከራል፣ አየሩንም ያግላል። ፋብሪካው ይህን አውቆ አየሩ ሲሳሳ ቡስቱን የሚቀንስ ሰንጠረዥ አስቀምጧል። ሰንጠረዡን አጥፍታችሁ «ቡስቴ ተመለሰ» የምትሉ ሰዎች፣ ተርቦአችሁን እግዜር ይጠብቀው።

ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ። መኪናዋን ስገዛት ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶሌኖይድ ነበራት። የፋብሪካው ባለ ሁለት ነው፤ ከመስመሩ ላይ አየር በጎን ያፈሳል። ባለ ሦስቱ ግን መሐል መንገድ ላይ ይቆምና አንዴ ለአክቹዌተሩ ያሳልፋል፣ አንዴ ዘግቶ ያለውን ያስተነፍሳል። ፈጣን ነው ይባላል። የእኔ ግን ቤንዚን ስረግጥ 17 ድረስ ይዘላል፣ 12 ይወርዳል፣ ደግሞ 15 ይወጣል። ወንበሩ ላይ ሆናችሁ በጀርባችሁ ይታወቃችኋል፤ ትጎትታለች፣ ትለቃለች፣ ትጎትታለች።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ «ፒአይዲ ነው።» ፒአይዲ የሚባለው የሞተሩ ኮምፒውተር (ኢሲዩ) ቡስቱን የሚያርምበት ስሌት ነው። ኢሲዩው መጀመሪያ ለሶሌኖይዱ ከሰንጠረዥ አንድ ዲዩቲ (ሶሌኖይዱ የሚሠራበትን ጊዜ በመቶኛ) ይሰጣል። ከዚያ የመጣውን ቡስት ከታሰበው ጋር እያስተያየ ያርማል። አንደኛው ማረሚያ ለአሁኑ ልዩነት ወዲያው መልስ ይሰጣል፤ ሌላኛው ልዩነቱን እያጠራቀመ ቀስ ብሎ ይገፋል። ማረሚያዎቹ ሲበዙ ቡስቱ ይዋዥቃል፤ ይህ እውነት ነው። ስቀንሳቸው የእኔም መዋዠቅ ለዘብ አለ። የመጀመሪያው ዝላይ ግን ንቅንቅ አላለም።

በመጨረሻ ሁለቱንም ማረሚያ ዜሮ አደረግኩና ዲዩቲውን አንድ ቁጥር ላይ ቸነከርኩት። አሁን ኢሲዩው የሚያርመው ነገር የለም። ያም ሆኖ 17 ዘለለ። እዚህ ላይ ላፕቶፑን ዘጋሁ። ሶፍትዌሩ ምንም ሳይነካው የሚዘል ቡስት የሶፍትዌር በሽታ ሊሆን አይችልም።

ኮፈኑን ከፍቼ ከተርቦው ወደ ሶሌኖይዱ የሚመጣውን ቀጭን ጎማ ነቀልኩ። በአፌ ነፋሁት። አየሩ እያፏጨ በጭንቅ ወጣ። በጣቴ ስዳብሰው ጎማው ውስጥ ጠጠር ያለ ነገር አለ። በቀጭን ካቻቪቴ ገፋ ገፋ ሳደርገው መዳፌ ላይ ዱብ አለ። ትንሽዬ የናስ ፍሬ ናት፤ መሐሏ መርፌ ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ። የፋብሪካው ማጥበቢያ ናት። ባለ ሁለት ቀዳዳው ሶሌኖይድ ያለ እሷ ቡስት መያዝ አይችልም። ባለ ሦስቱ ጋር ግን ምንም ሥራ የላትም። ሶሌኖይዱን የቀየረው ሰው አሮጌውን ጎማ እንዳለ መልሶ ሰክቶታል። አየሩ በዚያች ቀዳዳ ተንጠባጥቦ አክቹዌተሩን እስኪሞላ ቡስቱ ጣሪያ ነክቷል። ያረፈደው በር ሲከፈት ደግሞ ቡስቱ ከልክ በላይ ይወርዳል። ማረሚያዎቹ ዘግይቶ የሚመጣ መልስ እያሳደዱ ማዕበሉን ያብሱት ነበር።

ፍሬዋን አውጥቼ አዲስ አጭር ጎማ በፋሸታ አሰርኩ። ዝላዩ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ብቻ ነው። ማረሚያዎቹ ዜሮ እንደሆኑ የዲዩቲ ሰንጠረዡን ብቻ እያስተካከልኩ ወደታሰበው ቁጥር አቀረብኩት። ሲቀርብ ማረሚያዎቹን ትንሽ ትንሽ መለስኩ። ረገጣውን ሁሉ የማደርገው ሃይ ፕሌንስ ሬስዌይ የሚባል የውድድር ሜዳ ላይ፣ ክፍት ቀን ሲኖር ነው። መንገድ ላይ ላፕቶፕ ይዞ መርገጥ የጤና አይደለም።

እንግዲህ አቋሜን ልናገር። ኳስና ሞላ ያለው የእጅ ቡስት መቆጣጠሪያ ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ግን የቤንዚኑን ጥራት አያውቅም፣ ሙቀት አያውቅም፣ ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር አይሰማም። እዚህ የምናገኘው ፕሪሚየም 91 ኦክቴን ነው፤ ስለዚህ ከቡስቱ እኩል የኖክ (የማንኳኳት) ማረሚያውን ሎግ አደርጋለሁ። ቡስቱ ቀጥ ብሎ ሞተሩ ካንኳኳ ምን ዋጋ አለው? የአክቹዌተሩን ዘንግ አሳጥሮ ቡስት መጨመርንም አልወደውም፤ የሌላውን ብልሽት ይሸፍናል። የዳይኖ (የፈረስ ጉልበት መለኪያ) ወረቀት የምትለጥፉም፣ ከፍታ ላይ የሚደረገው እርማት ተርቦ ለሌለው ሞተር የተሰላ ነው። ተርቦ ላለው ፈረስ ጉልበት በነጻ ያድላል። የእኔም ወረቀት ያምራል፤ ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩትም እንጂ አልጣልኩትምም።

ከሁሉም በላይ የምወደው መሣሪያ ግን የሳሙና ውሃ ነው። የተርቦውን መግቢያ በክዳን ዝጉ፣ ከኮምፕሬሰር ቀስ እያላችሁ እስከ 15 ፒኤስአይ አየር ስጡ፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ ሳሙና ቀቡ። አረፋ የሠራበት ቦታ ያፈስሳል። የእኔ ኢንተርኩለሩ (የታመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) አንገት ላይ ያፈስስ ነበር። ይህ ሳይደረግ ሶፍትዌር የሚነካ ሰው አይገባኝም።

ያልተፈታ ነገር አለ። በብርድ ጠዋት ቡስቱ ካሰብኩት 1 ፒኤስአይ ገደማ ከፍ ይላል። ዲዩቲው ዜሮ ሆኖም ቢወጣ ኖሮ በሯ ጠባብ ናት እል ነበር። ግን ዜሮ አይደርስም፤ ስለዚህ የሙቀት ማካካሻው ሰንጠረዥ ላይ ነው ጥርጣሬዬ። ከ5,000 ዙር በላይ ደግሞ ቡስቱ ይወርዳል፤ ቲዲ04 ትንሽ ተርቦ ስለሆነ ያንን ልተወው ነው። ተመሳሳይ ተርቦ ይዛችሁ ብርድ ያለበት አገር የምትነዱ ካላችሁ፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች የወሰዳችሁትን ሎግ ላኩልኝ፤ ዲዩቲውና የመግቢያው አየር ሙቀት ይኑርበት።